የመንገድ ስም ግዴታ ነው

ለውድ ታላቅ እህቴ ለሉድቪካ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚያምሽ ትከሻ ዘንድሮስ ፋታ ሰጠሽ ወይስ አሁንም መዶሻውን በግራ እጅሽ ነው የምታነሺው? እማዬስ እንዴት ናት? ሐኪሙ ለጉልበቷ ያዘዘላትን ቅባት ትቀባለች ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት ሰጠችው? ልጅሽ ኔዣ፣ አናጺሽ አሎይዝ ከነእንጨት መቅረጫ ቶርኖው፣ ውሻው ሳይቀር፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? ተራራው ላይ በረዶ ጣለ ሲሉ ሰማሁ። የእንጨት መጋዘኑን ጣሪያ ሳታስጠግኚ ብርዱ ደረሰብሽ አይደል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ የሚጠገን ጣሪያም የለኝ።

ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰው ሞተ እንዴ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። በስልክማ አንቺ በላህ ወይ ትይኛለሽ፣ እኔ በላሁ እልሻለሁ፣ እማዬ ከኋላ ሆና ወፍራም ካልሲ ያድርግ በይው ትላለች፣ አለቀ። በዚህ ወር ልነግርሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ካልሲ አውርተን ዘጋን።

በቅዱሳን ሁሉ ቀን አለመምጣቴን በሆድሽ ይዘሽው ይሆናል። መያዝም አለብሽ። አባዬ መቃብር ላይ የእኔን ሻማ ማን አበራልኝ? ኔዣ ትሆናለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው፣ እትዬ። ያን ዕለት እዚህም ሁሉ ነገር ዝግ ነበር። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳይ፣ ያደረ ሾርባ ሁለት ጊዜ አሙቄ ሳልበላው ዋልኩ። የቀረሁት ፊትሽን ማየት ስለፈራሁ ነው።

ብቸኝነቱንም ልንገርሽ፤ አንቺ እዚህ ከትልልቅ ሰው ጋር ሽር ብትን የምል ይመስልሻልና። ብራስልስ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሰው ነው፤ ዓርብ እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ ወደየአገሩ ይበራል። እኔ መንደራችን ለመድረስ ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ ባቡርና የጎረቤታችንን የሚካኤልን ትራክተር መለመን ስላለብኝ እቀራለሁ። ከእኔ በታች የምትኖር ኹደለ የምትባል አሮጊት አለች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ፣ ደህና ዋሉ ከመባባል አልፈን አናውቅም። አንድ ቀን ወንበሬ ወለሉን ሲፍቅ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበችብኝ። ብታምኝም ባታምኝም ደስ አለኝ፤ ቤት ውስጥ መኖሬን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ ወንበሩን እጎትታለሁ። እንዲህ ሆኜልሻለሁ።

ሥራህ ምንድን ነው ስትይኝ ሁልጊዜ ወረቀት ነው እያልኩ አልፍሻለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ፣ አለዚያ የቀረው አይገባሽም። አውሮፓ ውስጥ ያለ መንግሥት ሁሉ፣ ከሚኒስቴር እስከ ትንሿ ማዘጋጃ ቤት፣ የሚያስፈልገውን በጨረታ ይገዛል። ወንበርም ይሁን፣ መድኃኒትም ይሁን፣ የመንገድ ጠጠርም ይሁን። ድሮ በታሸገ ፖስታ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ሆኗል። ችግሩ የኦስትሪያው ኮምፒውተር የእኛን አገር ቅጽ አያነብም፣ የእኛውም የፖርቱጋልን አያነብም። የእኛ ኮሚቴ እንግዲህ ሁሉም ማሽን የሚያነበው አንድ ቅጽ ያዘጋጃል፦ የትኛው ጥያቄ የት ይቀመጥ፣ የትኛው ግዴታ ይሁን፣ የትኛው ባዶ ቢቀር ይለፍ። ግዴታ የተባለው ሳጥን ባዶ ከሆነ ማሽኑ ሰነዱን ለሰው ዓይን ሳያሳይ ይመልሰዋል። ሃያ ምናምን አገር ተወክሎ ስለ አንዲት ሳጥን ሁለት ቀን ሙሉ ይጨቃጨቃል ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ አሎይዝ በሁለት ቀን ስንት የወንበር እግር ይቀርጻል?

ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ሁላችንም እጅ አውጥተን ብንቆጥር ሥራው ስለማያልቅ፣ ሰብሳቢያችን ሐሳቡን ያነብና፣ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዝም ከተባለ ጸደቀ ማለት ነው። ከዚያ ረቂቁ በጽሑፍ ይላክልናል፤ አሥር ቀን ይሰጠናል። በአሥሩ ቀን ውስጥ ያልጻፈ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ዝምታ እዚህ ፊርማ ነው፣ እትዬ። አዲስ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የምናስተምረው ይኼን ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጸደይ፣ በአንድ ዓርብ፣ የተጫራች አድራሻ የሚሞላበትን ክፍል ስንጨርስ ነበር። ጀርመናዊቷ ቪብከ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ጨዋ ሴት ናት፣ የመንገድ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ግዴታ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበች። ምክንያቷም ደህና ነበር፤ አድራሻቸውን በግማሽ እየጻፉ የሚጠፉ ተጫራቾች ስላስቸገሩ ነው። ሰብሳቢያችን ፕሬበን የሚባል ዴንማርካዊ ሽማግሌ ነው። ከመነጽሩ በላይ ዙሪያውን አየንና፣ የመንገድ ስም የሌለው ቦታ ያለበት አገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ይኸውልሽ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ስለ መንደራችን አንስቼ፣ ሠላሳ አንድ ቤት ነው፣ የእኛ አሥራ ሰባተኛው ነው፣ መንገዱም ስም የለው ብዬ ነግሬያቸው ነበር። የፖርቱጋሉ አንሰልሞ ታዲያ ፖስተኛው ላሟን ጠይቆ ነው ቤታችሁን የሚያገኘው አለኝ። ሌላው ቀጠለና፣ ላሟ ዕረፍት የወጣች ቀንስ አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አልነበረውም፤ አንሰልሞ ራሱ የገጠር ልጅ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ወዳጄ የምለው እሱን ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አብሬ መሳቄ ሳያንስ፣ ላሟ እንኳ ከእህቴ ትሻላለች፣ እህቴ ቁጥሩንም ትረሳዋለች ብዬ ጨመርኩበት። አየሽ ባለጌነቴን?

እንግዲህ ፕሬበን ሲጠይቅ ሁሉም የሚያየው እኔን መሰለኝ። ሻንጣዎቹ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። እጄን ባወጣ፣ ይኸው ባለላሙ መጣ የሚሉኝ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የገጠር ልጅ እንዳልመስል ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ፤ ሸሚዜን፣ አነጋገሬን፣ ሹካ አያያዜን ሳይቀር። ዝም አልኩ። አሥሩ ቀን ተሰጠን፤ አንድ መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር። ነገ እጽፋለሁ ስል አሥሩም ቀን አለቀ። ያፈርኩት በራሴ አልነበረም፤ ያፈርኩት በእናንተ ነው። አሁን አልኩት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቀዘ።

ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ ማሽኑ የመለሳቸው ተጫራቾች ያቀረቡት አቤቱታ ተሰብስቦ መጣልን። በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ ስምና አድራሻው በጥቁር ተሸፍኖ። አንዱ በቋንቋችን የተጻፈ ስለነበረ ተርጉሜ ለስብሰባው እንዳቀርብ ለእኔ ተሰጠኝ። ጉዳዩ ከድንበሩ ማዶ ያለች አንዲት የኦስትሪያ ከተማ ለአሥራ አራት መዋዕለ ሕፃናት የእንጨት ወንበር ለመግዛት ስላወጣችው ጨረታ ነው። አመልካቹ ሰነዱን ሦስት ጊዜ ልኮ፣ ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ የመንገድ ስም ግዴታ ነው እያለ መለሰበት። በአራተኛው፣ አመልካቹ ሲጨንቀው፣ በመንገድ ስም ቦታ ላይ መንገዳችን ስም የለውም ብሎ ጻፈበት። ማሽኑም ሳጥኑ ስለሞላ ብቻ እሰየው ብሎ አሳለፈው። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ በቅጹ ላይ ያለው አድራሻ ከንግድ ምዝገባው ወረቀት ጋር አይመሳሰልም ብሎ ከጨረታው አስወጣው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አንብቤ ፈገግ አልኩ። ሞኝ ሰው ነው ብዬ ሳይሆን፣ መንደራችን ውስጥ ማንም ሰው እንደዚያው ይጽፍ ነበር ብዬ። ቀጥሎ የተያያዘውን ደብዳቤ ገለጥኩ። በመንደራችን ሠላሳ አንድ ቤት አለ፣ መንገዱም አንድ ነው፣ ሌላ ስለሌለ ስም አላወጣንለትም፣ ማን ከማን ይለየዋል ይላል። የማን አፍ እንደሆነ እዚያው አወቅሁ። ስምሽን በጥቁር ቢሸፍኑት ንግግርሽን አልሸፈኑት። አያታችን ወንፊትና ማንኪያ በጀርባው ተሸክሞ ያንን ድንበር ሲሻገር ማንም የመንገድ ስም ጠይቆት አያውቅም፣ ዕቃውን አይተው ገዙት ብለሽ ጽፈሻል። አሎይዝ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ስለሚወጣ ይህ ሥራ የመጨረሻው እንዲሆንለት እንደፈለግሽ ጽፈሻል፤ ካልተገኘም ቶርኖውን ከእሱ ጋር እንደምትዘጊው ጽፈሻል። ለእኔ ግን በዚያው ሳምንት በስልክ የጠየቅሽኝ ሾርባ መብላቴን ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር ደግሞ በቃሌ ይዣታለሁ፦ “ወንድሜ እዚያው ብራስልስ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ነው ያለው። በእሱ ስም ምንም አልጠይቃችሁም፤ እንዳላስቸግረው ብዬም አልነገርኩትም። ግን ይህን ነገር ቢያውቅ ዝም አይልም ነበር።”

እትዬ፣ ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም ብልሽ ስለ ምሳው ትቆጪኛለሽ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ውኃ ሲወርድ እያየሁ ቆምኩ። የምነግረው ሰው አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት በኖርኩበት ከተማ፣ እህቴን ገደል ከተትኳት ብዬ የምነግረው አንድ ሰው ፈልጌ፣ በስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ከላይ እስከ ታች አይቼ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ኹደለን እንኳ አስቤያት ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ የሃያ ምናምን አገር ቅጽ ሳማስል የአባቴ ቤት ሲያር አላየሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። እኛ ዘንድ፣ የዘመድህ ጉዳይ ከመጣ ተናግረህ ከክፍሉ መውጣት ነው ሕጉ። ከወጣሁ አቤቱታሽን የሚያቀርበው ሰው የለም፤ ቋንቋችንን የሚያነብ ሌላ ሰው እስኪመጣ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ከተማዋ ከአሸናፊው ጋር የምትፈራረመው ከስብሰባችን በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። ዝም ብዬ፣ ባዕድ መስዬ ካቀረብኩት ደግሞ፣ ኮሚቴው በዚያው ዕለት ጥፋቱ የቅጹ ነው ብሎ ለከተማዋ ሊጽፍላት ይችላል፤ ሳይፈራረሙም ይደርስ ነበር። ስምሽ በጥቁር ተሸፍኗል። ማንም አያውቅም። ዝምታ ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ሦስት ቀን አሰብኩት። ባቡር ላይም፣ ዳቦ ቤት ተራ ስጠብቅም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ዝም ልል ወስኜ ነው ወደ ስብሰባው የገባሁት። ትርጉሙን በእጄ ይዣለሁ። ፕሬበን፣ “ዬርኔይ፣ ያንተ ተራ ነው” አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ፤ ስለ ሠላሳ አንዱ ቤት፣ ስለ አያታችን። ማንም አልሳቀም። አንሰልሞ እንዲያውም አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያዳምጠው። እዚያች የመጨረሻ መስመር ላይ ስደርስ፣ ወንድሜ የሚለው ቃል ላይ፣ ቆምኩ። ልዝለላት ብዬ አሰብኩ። መዝለል አቃተኝ።

“ወንድሟ እኔ ነኝ” አልኩ።

ፕሬበን መነጽሩን አወለቀ። “እንደዚያ ከሆነ መውጣት አለብህ፣ ወንድሜ” አለኝ፤ በደግነት ነው ያለው።

“እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የመንገድ ስም የሌለው ቦታ አለ ወይ ብለህ ጠይቀህ ነበር።”

“አዎ፣ ጠይቄ ነበር።”

“አውቅ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።”

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ኮት መስቀያው አጠገብ ባለው ወንበር፣ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የሃያ ምናምን አገር ኮት ተሰቅሏል፤ ከበሩ ወዲያ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ልጅ ሆኜ አባዬ ሊሞት ሲያጣጥር ከበር ውጭ ያስቀመጣችሁኝ ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን አንቺ ወጥተሽ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።

በመጨረሻ አንሰልሞ ወጣ። አጠገቤ ተቀመጠና፣ የእኛም ሰፈር መንገድ ስም የለውም ብሎ ጀመረ፤ አያቱ የሚኖሩበት ተራራ ላይ ያለው ማለቱ ነው። “ያን ቀን እኔም አውቅ ነበር’ኮ። አንተ ትናገራለህ ብዬ ነው የጠበቅሁት” አለኝ። ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። ሳጥኑ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ግዴታነቱ ቀርቷል፤ ሐሳቡን ያቀረበችው ራሷ ቪብከ ናት። ያንቺ አቤቱታ ግን እንደ ደንቡ ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። ቪብከ ዛሬውኑ ለከተማዋ እንጻፍ ብላ ተከራክራ ነበር፤ የዘመድ ጉዳይ ሆኖ ደንቡን ዘልለን ብንጽፍ ማንም አይሰማንም ተባለ።

ከተማዋ በዘጠነኛው ቀን ተፈራረመች። ወንበሩን የሚሠራው ሌላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው፤ ውሻውም እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ዝምታዬ አስወጣሁሽ፤ የተናገርኩ ዕለት ደግሞ በመናገሬ ጨረስኩት። ያን ዕለት አፌን ብዘጋ ኖሮ ወንበሩ ያንቺ ይሆን ነበር ብለሽ ብትረግሚኝ የምመልሰው የለኝም። እኔ ራሴ በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ባውቀው ኖሮ ለቅዱሳን ሁሉ ቀን እመጣ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከኮሚቴው መልስ ይደርስሻል። ጥሩ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ትሕትና የሞላበት መልስ ነው፤ ተመልክተነዋል፣ እናዝናለን፣ ቅጹ ተሻሽሏል ይላል። ከሥሩ ስም የለውም፤ ኮሚቴው ነው የሚለው። ስሜ ይግባበት ብዬ ፕሬበንን ለምኜው ነበር፤ እኛ ዘንድ ጥፋት የማንም አይደለም፣ የሁላችን ነው አለኝ። ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ያን ወረቀት አንብበሽ፣ አይ ወንድሜ ባለማወቁ እንጂ እንድትይ አልፈለግሁም። ይህን የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ለእማዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ይህን ደብዳቤ አንብቢላት ወይም አታንብቢላት፣ እንዳሻሽ፤ ካልሲውን እንዳደረግሁ ግን ንገሪያት፣ እውነት ነው። ለኔዣ፣ ቅጹን ልጄ ሞላችው ብለሽ ስለጻፍሽ ጥፋቱን በራሷ እንዳታደርገው አደራ በያት፤ አንድም የተሳሳተችው የለም። ለጎረቤታችን ለሚካኤል ከነቤተሰቡ፣ ለአባ ፍሎሪያን፣ እኔን ለሚጠይቅ ሁሉ፣ ሰላም ብሏችኋል በይልኝ። ውሻውን ጆሮውን አሻሺልኝ። ለአሎይዝ ሰላምታ ልልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ባለፈው ፋሲካ፣ የዚያን ጨረታ ናሙና ወንበር ሰጥቶኝ፣ ተቀመጥባትና ፍረድ ብሎኝ ነበር። የምን ጨረታ እንደሆነ ሳልጠይቀው ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ፣ ሳቀብኝ። ጥሩ ናት ብዬው ሄድኩ። እሱን ምን እንደምትይልኝ አላውቅም።

ዝም ያለው ወንድምሽ፣
ዬርኔይ

ብራስልስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2022